ማስመሰል ሐቀኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ጥቁር ጉድጓድ ብርሃንን እንዴት እንደሚያጎብጥ በኮምፒውተር ስለ መሳል፤ በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





የዝግጅት ኮሚቴው ወደዚህ መድረክ ሲጋብዘኝ ሁለት ማሳሰቢያ ሰጥቶኛል። አንደኛው «ከ30 ደቂቃ እንዳታልፍ»፣ ሁለተኛው «ቀመር እንዳታበዛ፤ አዳራሹ ውስጥ የሕግም፣ የግብርናም፣ የሒሳብ አያያዝም ምሩቅ አለ» የሚል ነው። ሁለቱንም ለማክበር እሞክራለሁ።

ነገሬን ከአንድ የአማርኛ ቃል ልጀምር። ፈረንጆቹ ሲሙሌሽን የሚሉትን ነገር እኛ ስንተረጉመው «ማስመሰል» እንለዋለን። ችግሩ ማስመሰል በአገራችን ጥሩ ስም የለውም። አንድን ሰው «አስመሳይ» ማለት ስድብ ነው። ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ፣ ያላወቀውን ያወቀ የሚመስል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ቤቱ ሄዶ «እናቴ፣ ጥቁር ጉድጓድን በኮምፒውተር አስመስዬ ሣልኩ» ቢላት፣ «ታዲያ አይተኸው ታውቃለህ?» ብትለው አልፈርድባትም። ጥያቄዋ ትክክል ነው። እንዲያውም የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ማንም ቀርቦ ያላየውን ነገር በኮምፒውተር መሳል ከማታለል የሚለየው በምንድን ነው?

ብርሃን ይጎብጣል

መጀመሪያ ስለ ብርሃን እናውራ። በትምህርት ቤት ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል ተብለን ተምረናል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 የጨረሰው የስበት ንድፈ ሐሳብ ግን ከባድ ነገር በዙሪያው ያለውን ሕዋና ጊዜ ያጎብጣል ይላል። ብርሃንም በዚያ በጎበጠ መንገድ ስለሚያልፍ ጉዞው ይታጠፋል።

ምን ያህል? በፀሐይ ጠርዝ በኩል የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን 1.75 አርክ ሰከንድ ይታጠፋል። አርክ ሰከንድ ማለት አንዲት ዲግሪ ለ3,600 ስትከፈል አንዷ ክፍል ናት። በኪሳችን ያለችውን የ1 ብር ሳንቲም ወስዳችሁ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችሁ ብታዩዋት፣ ያን ያህል ታክላለች። በጣም ትንሽ ነው። ግን ይለካል።

የሚለካው ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስትጋርድ ነው፤ ያኔ በፀሐይ አጠገብ ያሉ ከዋክብት በቀን ይታያሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1919 አርተር ኤዲንግተን በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት፣ ባልደረቦቹ ደግሞ በብራዚል ሶብራል ሆነው የከዋክብቱን ቦታ ፎቶግራፍ አነሱ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ብርሃንን እንደ ጥይት ቆጥሮ በኒውተን ሕግ ብቻ ያሰላ ሰውም ብርሃን እንደሚታጠፍ ያገኛል። የሚያገኘው ግን ልክ ግማሹን፣ 0.87 አርክ ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ የ1919 ጥያቄ «ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም?» ከሚለው ይልቅ «ሙሉውን ነው ወይስ ግማሹን?» የሚል ነበር። መልሱ ለአንስታይን አደላ።

በኛ አገር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የእሳት ቀለበት የመሰለውን ግርዶሽ ያያችሁ በዚህ አዳራሽ ትኖራላችሁ። ያ ቀለበት የተፈጠረው ጨረቃ የፀሐይን መሃል ሸፍና ጠርዟን ስለተወች ብቻ ነው፤ መጋረድ ነው። አሁን የምነግራችሁ የጥቁር ጉድጓድ ቀለበት ግን ሌላ ነው። እሱን የሚሠራው የብርሃን መታጠፍ ነው።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ

አንስታይን ንድፈ ሐሳቡን ባወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሩሲያ ግንባር የዘመተው ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ካርል ሽቫርዝሽልድ በአንድ ክብ ነገር ዙሪያ ሕዋ እንዴት እንደሚጎብጥ የሚያሳየውን የመጀመሪያ ትክክለኛ ስሌት ሠራ። በወራት ውስጥም በ1916 በሕመም ሞተ። ከሱ ስሌት አንድ ርቀት ይወጣል፤ ዛሬ በስሙ የሽቫርዝሽልድ ሬዲየስ እንለዋለን። የአንድ ነገር ክብደት በሙሉ (ፊዚሺያኖች አትቆጡኝ፣ «ማስ» ማለቴ ነው) ከዚህ ሬዲየስ ውስጥ ከተጠቀጠቀ፣ ብርሃን እንኳን አያመልጥም። ለፀሐይ ሬዲየሱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመሬት 9 ሚሊ ሜትር ያህል። ተራሮቿን፣ ውቅያኖሶቿን፣ ሁላችንንም ጨምራ መሬት ከዚያች ከ1 ብር ሳንቲም ባነሰች እንክብል ውስጥ ብትገባ ጥቁር ጉድጓድ ትሆናለች ማለት ነው።

እዚህ አካባቢ የብርሃን መታጠፍ ያቺ ሚጢጢ ማዕዘን አይደለችም። ከመሃሉ በአንድ ተኩል ሬዲየስ ርቀት ላይ ብርሃን እንደ ሳተላይት ክብ ሊዞር ይችላል። ክቡ ግን የተረጋጋ አይደለም፤ በፀጉር ያህል ወደ ውስጥ ካለ ይወድቃል፣ በፀጉር ያህል ወደ ውጭ ካለ ያመልጣል። ከሩቅ የሚመጣውን ጨረር ስናሰላው ደግሞ ሌላ ቁጥር እናገኛለን። ጨረሩ ባይታጠፍ ኖሮ ከመሃሉ በ2.6 ሬዲየስ ያህል ርቀት ሊያልፍ የነበረ ከሆነ ድንበሩ ላይ ነው። ከዚያ የቀረበው ሁሉ ይዋጣል፣ ከዚያ የራቀው ታጥፎ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቁር ጉድጓድ ከሩቅ ሲታይ ከራሱ አፍ 2.6 ጊዜ የሚሰፋ ጥላ አለው። ይህችን 2.6 ያዙልኝ፤ እሷም ኋላ ታስፈልገናለች።

ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?

ወደ ስሌቱ እንግባ። በጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ የሚሽከረከር የጋለ ጋዝ አለ እንበል፤ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ የተዘረጋ። ይህ ጋዝ በየአቅጣጫው ያበራል። የኛን ዓይን የምታገኘው ጨረር ግን ከብዙ ቢሊዮን አንዷ ናት። እያንዳንዷን ከጋዙ ስትነሳ ብንከተላት ዕድሜያችን አይበቃም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ወደ ኋላ ይኬዳል። ከመርካቶ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ተከትላችሁ ማን ወደ ቤታችሁ እንደሚመጣ ከምትጠብቁ፣ በራችሁ ላይ ቆማችሁ የመጣውን «ከየት መጣህ?» ብትሉት አይቀልም? ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ፣ ከእያንዳንዷ ፒክስል፣ አንድ ጨረር ወደ ኋላ ይልካል። ትንሽ ይራመዳል፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ያሰላል፣ አቅጣጫውን ያስተካክላል፣ እንደገና ትንሽ ይራመዳል። መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ፒክስሏ ጥቁር ትሆናለች። ጋዙን ካገኘ የጋዙን ብሩህነት ትወስዳለች። ሁለቱንም ካላገኘ ከበስተጀርባው ያለውን ሰማይ ታሳያለች።

ርዝመቱም ስፋቱም 1,000 ፒክስል የሆነ ምስል 1 ሚሊዮን ጨረር ይፈልጋል። ብዙ ይመስላል። ግን የማይሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ከየትም ቢታይ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጨረር በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ብቻ ይጓዛል፤ መታጠፉም ከመሃሉ ባለው ርቀት ብቻ ይወሰናል። ስለዚህ ጥቂት መቶ መንገዶችን አስልቶ ውጤቱን ዙሪያውን ማዳረስ ይቻላል። ይህን ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል። የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ሲሆን ግን፣ ሮይ ኬር እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ዓይነት፣ ሽክርክሪቱ ሕዋን አብሮ ስለሚጎትት ጨረሩ ከገጹ ይወጣል፤ ስሌቱም ይከብዳል።

በእጅ የተነጠበው ምስል

ይህን ሥራ ከጋዙ ጋር አዋህዶ የመጀመሪያውን ምስል ያወጣው ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ሉሚኔ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1979፣ ቦታው በፓሪስ አጠገብ ያለው የሜዶን ኦብዘርቫቶሪ ነው። የተጠቀመው አይቢኤም 7040 የሚባል የ1960ዎቹ ማሽን ነበር፤ ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ ካርድ ነው። አቅሙ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ካለው ስልክ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ማሽኑ ምስል ማተም ስለማይችል ቁጥር ብቻ ሰጠው። ሉሚኔም ወረቀት ዘርግቶ፣ በቀለም ብዕር፣ ብርሃን በበዛበት ቦታ ነጥብ እያበዛ፣ በሳሳበት እያሳሳ በእጁ ነጠበው።

ምን ታየ መሰላችሁ? ሰፌድ መሃል ላይ ብርቱካን አስቀምጣችሁ ከጎን ብታዩ፣ ከብርቱካኑ ኋላ ያለው የሰፌዱ ክፍል ይከለላል። በሉሚኔ ምስል ግን የኋላው ክፍል አልተከለለም። ከኋላ የተነሳው ብርሃን በጉድጓዱ አናት ላይ ታጥፎ ስለሚመጣ፣ የሰፌዱ ጀርባ ከላይ እንደ ባርኔጣ ተነስቶ ታየ። ከታችም ሌላ ቀጭን ቅስት አለ፤ እሱ ደግሞ የሰፌዱ የሥረኛው ፊት ነው። ሌላም ነገር ነበረ። የምስሉ አንድ ወገን ከሌላው እጅግ የበራ ነው፤ ወደኛ የሚሮጠው ጋዝ ብርሃኑ ይጠነክራል፣ ከኛ የሚሸሸው ይደክማል።

እንግዲህ የተማሪያችንን እናት እናስታውስ። ሉሚኔ አይቶት ያውቃል? አያውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። ግን ከሕጉ ተነስቶ፣ ቁጥሩ የሰጠውን ብቻ ነጠበ። ከሱ በፊት ጄምስ ባርዲን እ.ኤ.አ. በ1973 የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ጥላ ምን ቅርጽ እንደሚኖረው አስልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ፋልክ፣ ሜሊያና አጎል የተባሉ ተመራማሪዎች በራሳችን ጋላክሲ መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በሚሊ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ሊታይ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ቴሌስኮፖቹ ከመጣመራቸው በፊት የሚፈለገው ነገር ስፋቱም ቅርጹም በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ይህ የሐቀኛ ማስመሰል የመጀመሪያ ምልክት ነው፦ ቀድሞ ይናገራል፤ ከተናገረ በኋላም ሊሳሳት ይችላል።

ለውበት ሲባል የተተወው

ብዙዎቻችሁ «ኢንተርስቴላር» የተባለውን የ2014 ፊልም አይታችኋል። እዚያ ውስጥ ያለው ጥቁር ጉድጓድ በፊዚሺያኑ በኪፕ ቶርን ቀመር፣ ደብል ኔጌቲቭ በተባለው የፊልም ምስል ቅንብር ኩባንያ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ፍሬም ለማስላት 100 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር ይባላል። የብርሃኑ አካሄድ በትክክለኛው ቀመር ነው የተሰላው። ነገር ግን ሉሚኔ ያሳየውን የአንድ ወገን መብራትና የሌላውን መደብዘዝ ተዉት፤ ተመልካቹ ግራ እንዳይጋባ።

ይህ ማታለል ነው? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቱም ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሳይንሳዊ ጽሑፍ ምኑን እንደተዉ፣ ለምን እንደተዉና ባይተዉት ኖሮ ምስሉ ምን እንደሚመስል ዘርዝረው አስቀምጠዋል። ሁለተኛው ምልክት ይኸው ነው፦ ሐቀኛ ማስመሰል የተወውን ይናገራል።

ቀለበቱ ሲገኝ

ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2019) ኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ አደረገ። በኤም 87 ጋላክሲ መሃል፣ በ55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ነው። ጥምረቱ በ2017 ሲሠራ በሃዋይ፣ በአሪዞና፣ በሜክሲኮ፣ በቺሊ፣ በስፔንና በደቡብ ዋልታ የተተከሉ 8 ቴሌስኮፖች ነበሩት። በአፍሪካ ምድር አንድም አልነበረም፤ በናሚቢያ አንድ ለመትከል የተያዘ ዕቅድ አለ። የተሰበሰበው መረጃ ከብዛቱ የተነሳ በኢንተርኔት መላክ ስላልተቻለ፣ ሃርድ ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ። የደቡብ ዋልታዎቹ ክረምቱ አልፎ አውሮፕላን እስኪያርፍ ወራት ጠበቁ።

የተገኘው ቀለበት 42 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ይሰፋል። ያቺን የ1 ብር ሳንቲም እንደገና አውጡልኝ። አሁን ሳንቲሟን ወደ ጨረቃ በሚወስደው መንገድ ሲሶው ላይ አስቀምጣችሁ ከዚህ አዳራሽ ብታዩዋት ያን ታክላለች።

ማስመሰል እዚህ ላይ ሦስት ሥራ ሠርቷል። እያንዳንዱን በአጭሩ ላንሳ።

አንደኛ፣ ቴሌስኮፖቹ ጥቂት በመሆናቸው መረጃው ክፍተት የበዛበት ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው ስሌት ነው። የሚሞላው ሰው ደግሞ ቀለበት ለማየት ከጓጓ ቀለበት ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ ለአራት ተከፈለ፤ አንዱ ቡድን የሌላውን ውጤት ሳያይ ሠራ። ስሌቶቻቸውንም በሐሰተኛ መረጃ ፈተኑ፦ አንዱ ቀለበት ያለው፣ ሌላው መሃሉ ያልተቦረቦረ ድፍን ክብ፣ ሌላው ሁለት የተለያዩ የብርሃን ነጥቦች። ድፍን ክብ ተሰጥቶት ቀለበት የሚያወጣ ስሌት ካለ ውሸታም ነው፤ ይጣላል። እስቲ አስቡት፣ ሐሰቱ የተሠራው ሐሰትን ለመያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ጋዙ፣ ማግኔታዊ ኃይሉና ብርሃኑ አብረው የተሰሉባቸው ከ60,000 በላይ ምስሎች ያሉት የማመሳከሪያ ክምችት ተዘጋጀ። የተገኘው ቀለበት ከነዚህ ጋር ተነጻጸረ። ብዙዎቹ ገጠሙ፤ ጉድጓዱ በምን ፍጥነት እንደሚሽከረከር በምስሉ ብቻ መለየት አልተቻለም፤ ይህንንም በግልጽ ጻፉ። ጨርሶ የማይሽከረከሩት ሞዴሎች ግን ከጋላክሲው መሃል የሚወረወረውን ግዙፍ የጋዝ ፍንጣቂ ጉልበት ማስረዳት ስላልቻሉ ወደቁ።

ሦስተኛ፣ ክርክር ፈታ። ከዚያ በፊት የዚያ ጥቁር ጉድጓድ ክብደት ሁለት ቁጥር ነበረው። በከዋክብት እንቅስቃሴ የለኩት ከፀሐይ 6 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው ሲሉ፣ በጋዝ እንቅስቃሴ የለኩት 3.5 ቢሊዮን ያህል ይሉ ነበር። አሁን ያቺን 2.6 አምጡ። ጥላው በሁለቱም ወገን 2.6 ስለሆነ ጠቅላላ ስፋቱ 5.2 ሬዲየስ ነው። ክብደቱ 3.5 ቢሊዮን ቢሆን ጥላው ከ22 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ባልበለጠ ነበር። 6.5 ቢሊዮን ከሆነ ግን 40 ገደማ ይሆናል፤ ብሩሁ ቀለበት ደግሞ ከጥላው ጠርዝ ትንሽ ወጣ እንደሚል ሲሙሌሽኖቹ ያሳያሉ። የተለካው 42 ነው። ቡድኑ 6.5 ቢሊዮን ብሎ ደመደመ። ከሽቫርዝሽልድ ስሌት የወጣች አንዲት ቁጥር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሁለት ወገን ሙግት ዳኘች።

የወደቀው ሞዴል

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያማረ ነበር። ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ለኔ የበለጠ ይማርከኛል። ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ያው ቡድን የራሳችንን ጋላክሲ መሃል፣ ሳጂታሪየስ ኤ ስታርን፣ አሳየ። ከፀሐይ 4 ሚሊዮን እጥፍ የሚከብድ፣ በ27,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ነው። የቀለበቱ ስፋት ከተጠበቀው ጋር ገጠመ። ይሁን እንጂ ከተነጻጸሩት ሞዴሎች መካከል ሁሉንም ፈተና ያለፈ አንድም አልተገኘም። በተለይ ብርሃኑ በጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ሲታይ፣ ሲሙሌሽኖቹ ከእውነተኛው የበለጠ ይወዛወዛሉ።

ይህንን አልደበቁትም። ከምስሉ ጋር በአንድ ቀን አሳተሙት። ብርሃን የሚታጠፍበት ክፍል ጸና፤ የጋዙ ባሕርይ ግን ገና በደንብ አልታወቀም ማለት ነው። የትኛው ክፍል እንደያዘና የትኛው እንደላላ ለይተው ነገሩን። ሦስተኛው ምልክት ይኸው ነው፦ ሐቀኛ ማስመሰል መውደቂያ ፈተናውን ራሱ ያዘጋጃል፤ ሲወድቅም ይናገራል። አስመሳይ ሰው ግን ፈተና አይወድም።

ይህ ለኛ ምናችን ነው?

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። መምህራኖቼ እዚህ ስላላችሁ በትሕትና፣ ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

በእንጦጦ ያሉን ቴሌስኮፖች ይህንን ቀለበት ማየት አይችሉም፤ የተሠሩትም ለሌላ ሥራ ነው። ሚሊ ሜትር የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የለንም። ከዚህ ተነስተን «ይህ የሀብታም አገር ሳይንስ ነው» ማለት ይቀናናል። የሉሚኔ ታሪክ ግን ይህን ምክንያት ከእጃችን ይነጥቀዋል። እሱ ያደረገውን ዛሬ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በተዋሰው ላፕቶፕ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራውን እያስቀመጠ፣ በጥቂት ሳምንት ሊደግመው ይችላል። የጎደለን ማሽን አይደለም።

የጎደለን የመጠየቅ ልማድ ይመስለኛል። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራ መከላከያ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ተማሪው ባለ ቀለም ግራፍ ያሳያል። «ይህ ለምን እዚህ ጋ ጎበጠ?» ሲባል ዝም ይላል። ኮዱ ከሌላ ሰው የመጣ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ኮዱን የሚጽፍለት ማሽንም አለ። ግራፉ ያማረ ስለሆነ ያልፋል። መጥፎው ማስመሰል ማለት ይህ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪው ብቻ አይደለም። ፈተናውን ያላዘጋጀነው እኛ ነን።

ያንን ግማሽ አስታውሱልኝ አልነበር? አንድ ተማሪ ብርሃንን በኒውተን ሕግ አስልቶ ምስል ቢያወጣ፣ ምስሉ ይጎብጣል፣ ያምራል፣ ቅስትም አለው። በዓይን አይቶ ስሕተቱን የሚያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ አይገኝም፤ እኔም ብሆን አላውቀውም። የሚያጋልጠው ፈተና ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ምስሉን ከማሳየቱ በፊት አራት ነገር ያሳይ እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ ክብደቱን ዜሮ ያድርገው፤ ጨረሮቹ ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። ሁለተኛው፣ የፀሐይን ክብደትና ሬዲየስ ያስገባ፤ 1.75 አርክ ሰከንድ መውጣት አለበት። 0.87 ከወጣ ከ1919 በፊት ቀርቷል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ወደ ጉድጓዱ ይቅረብ፤ የጥላው ድንበር 2.6 ላይ መውደቅ አለበት። አራተኛው፣ እርምጃውን በግማሽ ያሳጥር፤ ውጤቱ በጉልህ ከተለወጠ የመጀመሪያው ውጤት የኮምፒውተሩ እንጂ የተፈጥሮ አልነበረም።

አንዳንድ መምህራን «ኮምፒውተር ፊዚክስን ያስረሳል፤ ተማሪው ሰሌዳ ላይ ያውጣው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከነዚህ አራት ፈተናዎች ሦስቱ እኮ መልሳቸው የሚታወቀው ሰሌዳ ላይ ስለወጣ ነው። ሰሌዳውን ያልሠራ ተማሪ ኮምፒውተሩን የሚመዝንበት ሚዛን አይኖረውም። እኔ የምለው ሰሌዳው ይቅር አይደለም፤ ሰሌዳውና ኮምፒውተሩ እርስ በርስ ይመሳከሩ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ለትምህርት ክፍሉ፦ በሁለተኛው ዓመት የመካኒክስ ትምህርት ውስጥ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሦስት ሳምንት ይሰጥ፤ ቀመሩን አውጥቶ፣ ኮዱን ጽፎ፣ አራቱን ፈተና ማለፍ። ለፈታኞች፦ በመመረቂያ ሥራ መከላከያ ላይ «ውጤትህን አሳየን» ከማለታችን በፊት «ውጤትህ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በምን ታውቅ ነበር?» እንበል። ለማኅበራችን አባላት፦ በባንክ፣ በአየር መንገድ፣ በቴሌኮም፣ በውጭ አገርም በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ፕሮግራም ስትጽፉ ሳትፈትኑ ለደንበኛ አትሰጡም፤ ያ ልማድ እዚህ ያስፈልጋል። ገንዘብ ብታመጡ አንጠላም፤ ግን በሴሚስተር ጥቂት ሰዓት፣ በአካልም ሆነ በኢንተርኔት፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ተቀምጣችሁ ኮዱን «አሳየኝ፣ እንስበረው» ብትሉት ከዚያ ይበልጣል።

ስለ ጥቁር ጉድጓድ የተማረ ሁሉ የከዋክብት ተመራማሪ አይሆንም። የአየር ትንበያም፣ የግድብ ውኃ ፍሰትም፣ የበሽታ ስርጭትም፣ የሰብል ግምትም ዛሬ በሲሙሌሽን ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ከዚህ ግቢ የወጣ ልጅ ለአንድ ወረዳ «ጎርፉ እስከዚህ ይደርሳል» ብሎ ካርታ ያቀርባል። ካርታው ማማሩ አይጠቅመንም። «በምን ፈተንከው?» ሲባል መልስ እንዲኖረው ነው የምፈልገው። ያንን መልስ የሚማርበት ቦታ እዚህ ነው፤ ቢሳሳት ማንም በማይጎዳበት፣ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በራቀ ጉድጓድ ላይ።

ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት እጠብቃችኋለሁ፤ ቀመሩንም የሚፈልግ ካለ ያኔ በወረቀት አወጣዋለሁ።